የዶፒንግ ፊሽካ ለሯጭ ብቻ ነው እንዴ የሚነፋው?

በኮልፌ ቀራንዮ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ባለው መንገድ ዳር ዲኤስቲቪ የማያሳይ ሻይ ቤት ማግኘት ይቸግራል። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ አንዱ ጎራ በሉና የፖል ፖግባን ነገር አንሱ። «ልጁን አጉል በደሉት እኮ!» የሚላችሁ አይጠፋም። ወዳጄ ያለው ሐኪም የሰጠውን ሳያውቅ ነው የዋጠው፣ አራት ዓመት ግፍ ነው፣ ደግነቱ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ (ካስ) ወደ 18 ወር አወረደለት… ዝርዝሩን አንድ ሳያጎድል ይተርክላችኋል። ያንኑ ሰው ስለ ኬንያዊቷ ማራቶን ሯጭ ሩት ቼፕንጌቲች ጠይቁት። «ድሮስ! እነሱ እኮ ሁሉም ይወስዳሉ» ብሎ ባንድ አፍ ይዘጋላችኋል። የኛዋ አልማዝ አያናስ ስትሏት ደግሞ ቱግ ይላል። «ነጮቹ ቀንተው ነው!»

አንድ ሰው አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ሦስት ሚዛን አወጣ ማለት ነው።

በደጋፊው አንፈርድም። ሚዛኑን ያገኘው ከሚሰማው ሬዲዮና ከሚያነበው ጋዜጣ ነው። ሯጭ ሲገኝበት «አጭበርባሪ»፣ ብስክሌተኛ ሲገኝበት «ወንበዴ»፣ ኳስ ተጫዋች ሲገኝበት ግን «እድለ ቢስ» ይባላል። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ (ዋዳ) በየዓመቱ የሚያወጣው የተከለከሉ መድኃኒቶች ዝርዝር ግን ለመሮጫው መምም ለሣር ሜዳውም ያው አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሚለያየው መርማሪው እንዴት እንደሚመጣ፣ ቅጣቱ ማንን እንደሚነካና ጋዜጠኛው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ነው።

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።)

መጀመሪያ መርማሪውን እንየው። በዓለም አቀፉ የምርመራ ዝርዝር ውስጥ የገባ ሯጭ በእያንዳንዱ የእግዜር ቀን ለአንድ ሰዓት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት። ሱሉልታ ልሂድ፣ ሠርግ ልሂድ፣ እናቴ ታመመችና አሰላ ልሂድ ካለ መጀመሪያ አድራሻውን ይቀይራል። መርማሪው በዚያች ሰዓት መጥቶ ካጣው አንድ ተመዘገበበት። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ከሞላ፣ ምንም አልወሰደም ቢባል እንኳ እስከ ሁለት ዓመት ይታገዳል። የ2019 የዓለም 100 ሜትር ሻምፒዮን ክርስቲያን ኮልማን የደረሰበት ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር መርማሪዎቹ ቤቱ ሲደርሱ እሱ የገና ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። እዚያው አቅራቢያ ነበርኩ፣ ቢደውሉልኝ እመጣ ነበር አለ። ማን ሰምቶት! ሁለት ዓመት ተፈረደበት፣ ካስ ወደ 18 ወር ዝቅ ቢያደርግለትም የቶኪዮ ኦሊምፒክ አመለጠው።

አሁን ወደ ማንቸስተር እንለፍ። በ2017 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ማንቸስተር ሲቲን ከሰሰ። ክሱ ክለቡ ተጫዋቾቹ የት እንደሚገኙ የሚገልጸውን መረጃ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በትክክል አላቀረበም የሚል ነበር። ሦስት ጊዜ! ለሯጭ ቢሆን ሁለት ዓመት። ሲቲ ስንት ተቀጣ? 35,000 ፓውንድ። ከአንድ ኮከብ ተጫዋቹ የሳምንት ደመወዝ የማይደርስ ገንዘብ። እርግጥ ነው ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸው ብሎ መከራከር አይቻልም፤ አንደኛው የግለሰብ፣ ሌላው የክለብ ግዴታ ነው። የኛም ነጥብ እኮ ይሄው ነው፤ በኳሱ ግዴታው ከተጫዋቹ ትከሻ ላይ ወርዶ ለክለቡ ጸሐፊ ተሰጠ። ፊፋና ዩኤፋ በ2009 ዋዳ ባወጣው ደንብ ላይ አንገራግረው ተጫዋቾቻችን በየግላቸው፣ ያውም በእረፍታቸው ጊዜ አይታደኑ፣ የቡድን ስፖርት ሌላ ነው ብለው ተከራክረዋል። ለሯጩ እንዲህ ያለ ጠበቃ የለውም።

የሪዮ ፈርዲናንድን ነገር የድሮ የዩናይትድ ደጋፊዎች አይረሱትም። መስከረም 23 ቀን 2003 ካሪንግተን ልምምድ ሜዳ ላይ ለምርመራ ተጠርቶ «ረሳሁት» ብሎ ከግቢው ወጣ። የስምንት ወር እገዳና የ50,000 ፓውንድ ቅጣት ደረሰበት፣ የ2004ቱ የአውሮፓ ዋንጫም አለፈው። ቅጣቱ ቀላል ነው አንልም። የሚገርመው ከቅጣቱ በፊት የሆነው ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ሪዮ ከቡድኑ መቀነስ የለበትም ብለው ከቱርክ ጋር የሚደረገውን ወሳኝ ጨዋታ አንጫወትም እስከ ማለት ደረሱ። ዓመት ሳይሞላ በአቴንስ ኦሊምፒክ ዋዜማ ሁለቱ የግሪክ አጭር ርቀት ሯጮች፣ ኬንቴሪስና ታኑ፣ ምርመራ አመለጣቸውና የሞተር ሳይክል አደጋ ደርሶብን ነው አሉ። ዓለም ሁሉ ሳቀባቸው። ለነሱ አድማ የሚመታ ሯጭ አልተገኘም። ሪዮ ረሳ፣ ግሪኮቹ ሸሹ፤ ጋዜጦቹ የጻፉት እንዲህ ነበር።

ከመርማሪው ይልቅ ግን ደማችንን የሚያፈላው የውጤቱ ጉዳይ ነው። የአርሰናል ደጋፊዎች ይህንን ልብ ብላችሁ አንብቡ።

መስከረም 2015 መድፈኞቹ በሻምፒዮንስ ሊግ ወደ ዛግሬብ ተጉዘው በዲናሞ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ከጨዋታው በኋላ ለምርመራ ከተጠሩት አንዱ የዲናሞው አማካይ አሪያን አዴሚ ነበር። ተገኘበት። ዩኤፋ አራት ዓመት አገደው፣ ኋላ ላይ ተቀነሰለት። ሦስቱ ነጥብስ? ሦስቱ ነጥብ የዲናሞ ሆኖ ቀረ። ደንቡ እንደሚለው ከአንድ ቡድን ከሁለት በላይ ተጫዋቾች ካልተገኘባቸው በስተቀር ቡድኑ አይነካም። አርሴን ቬንገር ይህ የማይገባ ደንብ ነው፣ ዶፒንግን እንደ መቀበል ነው ብለው አማረሩ። ሰውየው ነገሩን ያነሱት የተሸነፉ ቀን ብቻ አይደለም። በ2004 ከውጭ ክለቦች የሚመጡልን አንዳንድ ተጫዋቾች የቀይ ደም ሕዋሳቸው መጠን ከተለመደው በላይ ሆኖ እናገኘዋለን፣ ነገሩ ያጠራጥራል ብለው ነበር። ቀይ የደም ሕዋስ ማለት ኦክስጅን ተሸካሚው ነው። ኢፒኦ የሚባለው መድኃኒት የሚያበዛው እሱን ነው። ብስክሌተኞቹን ያጠፋቸው፣ ሯጮቻችንንም የሚያስፈራራው ይኸው መድኃኒት ነው። የአንድ ታላቅ ክለብ አሠልጣኝ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ሚዲያው ለሁለት ቀን አወራበትና ተረሳ። ስለ አንድ የብስክሌት ቡድን ቢባል ኖሮ ፖሊስ በር ይሰብር ነበር።

ማራዶናንም ጨምሩ። በ1994ቱ የአሜሪካ ዓለም ዋንጫ ከናይጄሪያው ጨዋታ በኋላ በተሰጠ ናሙና ኤፌድሪን ተገኘበት። እሱ ወደ ቤቱ ተላከ፣ 15 ወር ታገደ። አርጀንቲና ግን ናይጄሪያን 2 ለ 1 ያሸነፈችበት ውጤት ጸና። ናይጄሪያውያኑ ይህንን እንዴት እንደዋጡት እግዜር ይወቅ።

እኛስ? እኛ እኮ የኳስ ደንብ ጨካኝ ሲሆን ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ እናውቃለን። ሰኔ 2013ን አስታውሱት። ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈው፣ በሳምንቱ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ ረትተው ከተማው በጭፈራ ሲናጥ ፊፋ ከች አለ። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ እያለበት በቦትስዋናው ጨዋታ ተሰልፏል፤ ጥፋቱ የወረቀት ነው፣ ያላየው የቢሮው ሰው ነው። የቦትስዋናው ድል ተሰርዞ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ተሰጠ። ሦስት ነጥብ ሄደ፣ የገንዘብ ቅጣትም ተጨመረ። እስቲ አስቡት ወገኖቼ። ሁለት ቢጫ ያለበት ተጫዋች ተሰልፎ ከተገኘ ቡድኑ ሦስት ነጥብ ያጣል። ደሙ ውስጥ የተከለከለ መድኃኒት ያለበት ተጫዋች ተሰልፎ ከተገኘ ቡድኑ ነጥቡን ይዞ ይሄዳል። ካርዱ ከመርፌው ከበደ!

ቡድን በሙሉ የተቀጣበት ጊዜ የለም እንዳይባል አንድ አለ። በ2011 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ አምስት የሰሜን ኮርያ ተጫዋቾች ተገኘባቸው። መብረቅ መትቶን በአጋዘን ዕጢ የተሠራ ባህላዊ መድኃኒት ነው የወሰድነው አሉ። ፊፋ አልሳቀም፤ ቡድኑን ከ2015ቱ ዓለም ዋንጫ አገደ።

አትሌቲክሱ ደግሞ ዞር ብሎ የዛሬ አሥር ዓመቱን ውጤት ያነሳል። ይህ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፣ ኪሳችንን የነካ ነገር ነው። በቤጂንግ ኦሊምፒክ 5,000 ሜትር መሠረት ደፋር ነሐስ አገኘች። ከፊቷ ሁለተኛ የወጣችው በኢትዮጵያ ተወልዳ ለቱርክ የሮጠችው ኤልቫን አቤይለገሠ ነበረች። የኤልቫን የ2007 ናሙና ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲመረመር ተገኘበትና በ2017 ውጤቷ ተሰረዘ። የመሠረት ነሐስ ብር ሆነ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ! በለንደን ኦሊምፒክ የሶፊያ አሰፋ የመሰናክል ነሐስም ሩሲያዊቷ አሸናፊ ስትሰረዝ ወደ ብር ተለወጠ። በዚያው ለንደን በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ ሮጣ አምስተኛ የወጣችው አበባ አረጋዊ ከፊቷ የነበሩ ሦስት ሯጮች በየተራ ሲሰረዙ በ2024 የብር ባለቤት ሆናለች። አበባ ራሷ ደግሞ ለስዊድን በምትሮጥበት በ2016 ሜልዶኒየም ተገኘብሽ ተብላ ታግዳ፣ ከወራት በኋላ እገዳው ተነስቶላታል። ዶፒንግ እንዲህ የተጠላለፈ ነገር ነው። በእነዚህ ሴቶች የድል ቀን ባንዲራው ሲሰቀል ያላየነው፣ ስቴዲየሙ ያላጨበጨበው ብር በፖስታ ይመጣል።

ብዙነሽ ዴባን የሚያውቃት ከኳስ ወዳጁ ስንቱ ነው? ኒው ዮርክ የምትኖር የኛ ልጅ ናት። በ2014 ቦስተን ማራቶን ከኬንያዊቷ ሪታ ጄፕቱ ቀጥላ በ2፡19፡59 ሁለተኛ ገባች። ጄፕቱ በዚያው ዓመት ኢፒኦ ተገኘባት፣ በ2016 ካስ የቦስተን ውጤቷን ሰረዘ። ብዙነሽ አሸናፊ ተባለች፣ የቦታው ሪከርድም የሷ ሆነ። ገንዘቡስ? በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው 75,000 ዶላርና የሪከርዱ 25,000 ዶላር አልተከፈላትም። አዘጋጆቹ ገንዘቡን ከጄፕቱ ስናስመልስ እንከፍላለን አሉ። ዓመታት አለፉ። በ2024 ታሪኳን ጋዜጣ ላይ ያነበበ አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ከገዛ ኪሱ 75,000 ዶላር ላከላት። የማታውቀው ሰው! ይህንን ወሬ ስንቱ የስፖርት ፕሮግራማችን ዘገበው? በዚያው ሰሞን የትኛው ተጫዋች ወደ የትኛው ክለብ ሊዘዋወር «ጫፍ ደረሰ» እንደነበረ ግን ሁላችንም እናስታውሳለን።

የትዕግስት አሰፋ ደግሞ የቅርቡ ነው። በ2023 በርሊን ላይ 2፡11፡53 ሮጣ ዓለምን ጉድ አሰኘች። በዓመቱ ቺካጎ ላይ ቼፕንጌቲች 2፡09፡56 ገብታ ነጠቀቻት። ያቺው ቼፕንጌቲች መጋቢት 2025 በሰጠችው ናሙና ሌላ መድኃኒት ለመደበቅ ሊያገለግል የሚችል ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ተገኘባትና በጥቅምት 2025 ሦስት ዓመት ታገደች። የቺካጎው ሪከርድ ግን ናሙናው ከመሰጠቱ በፊት የተመዘገበ በመሆኑ አልተሰረዘም። ሕጉ ሕግ ነው፣ አንከራከርም። ትዕግስት ግን ሪከርዷን አላገኘችም።

ወደ ሚዲያው እንምጣ። ነሐሴ 2016 ሪዮ ላይ አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29፡17.45 ስትጨርስ የቻይናዊቷን ዋንግ ጁንሺያን የ1993 ሪከርድ ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሻለች። ገና ትንፋሿን ሳትሰበስብ ጥያቄው ተጀመረ። አብራት የሮጠች ስዊድናዊት ንጽህናዋን መቶ በመቶ አላምንም ብላ በአደባባይ ተናገረች። ጋዜጠኞቹም ፊት ለፊት ጠየቋት። አልማዝ የመለሰችው የታወቀ ነው፤ ዶፒንጌ ልምምዴና ኢየሱስ ነው አለች። ያኔ ብዙዎቻችን ተናደድን። እኛ የምንለው ግን ሌላ ነው፤ መጠየቁ ነውር አይደለም። የ23 ዓመት ሪከርድ በ14 ሰከንድ ሲወርድ የማይጠይቅ ጋዜጠኛ ደመወዙን በከንቱ ይበላል። በዚያው ውድድር ብዙ ሯጮች የግል ምርጥ ሰዓታቸውን እንዳሻሻሉ አብሮ መጻፍም ነበረበት። ነውሩ ጥያቄው ለሷ ብቻ መሆኑ ላይ ነው።

ለምን? በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የለንደኑ ሰንደይ ታይምስ ማርክ ቦናር የሚባል ሐኪም በስውር ካሜራ ቀርጾ አወጣ። ሰውየው በቪዲዮው ላይ ከ150 ያላነሱ ስፖርተኞችን እንደረዳ፣ ከነዚህም መካከል የአርሰናል፣ የቼልሲ፣ የሌስተርና የበርሚንግሃም ተጫዋቾች እንደሚገኙበት ሲናገር ይሰማል። ክለቦቹ ፍጹም ሐሰት ነው ብለው አስተባበሉ፣ ሐኪሙም ካደ፣ በየትኛውም ተጫዋች ላይ የተረጋገጠ ነገር የለም። ይህንን በግልጽ መናገር አለብን፤ ስም ማጥፋት ሥራችን አይደለም። ግን አስተውሉ። በኳሱ በኩል የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር፣ ወሬው በሳምንት ሞተ። በአልማዝ በኩል ከሰዓት መያዣው በስተቀር ምንም አልነበረም፣ ጥርጣሬው ዓመታት ኖረ። ያን የውድድር ዘመን ሌስተር ዋንጫ ሲያነሳ ዓለም «ተረት ነው» ብሎ አለቀሰ። ራኒየሪን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ልጆችህ ይህንን ሁሉ ሩጫ ከየት አመጡት ብሎ እንደ አልማዝ የያዘው አልነበረም።

አንድ ክርክር አለ፣ በየሻይ ቤቱም የምንሰማው ነው። «ዶፒንግ ኳስ አያስተምርም። መርፌ ተወግተህ ሮናልዲኒዮ አትሆንም።» እውነት ነው፣ አትሆንም። ግን አማካይ በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ረቡዕ ተጫውቶ ቅዳሜ ይደገማል። በ85ኛው ደቂቃ እግር ሲከብድ የሚመጣውን ስህተት የደጋፊ ዓይን ያውቀዋል። መድኃኒቱ የሚገዛው ያችን 85ኛ ደቂቃ ነው። በተረፈ ጉዳት ቶሎ የሚሽርበት መንገድም አለ።

ጣሊያን ውስጥ አቃቤ ሕግ ጓሪኒዬሎ የዜማንን ወቀሳ ሰምቶ አሮጊቷን ጁቬንቱስን ሲፈትሽ 281 ዓይነት መድኃኒት እንዳገኘ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተናገረ። ብዙዎቹ በራሳቸው የተከለከሉ አልነበሩም፤ ጥያቄው ጤነኛ ጎረምሶች የአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ምን ያደርግላቸዋል የሚል ነበር። የክለቡ ሐኪም አግሪኮላ በ2004 በገደብ 22 ወር ተፈረደበት፣ በ2005 በይግባኝ ነጻ ተባለ፣ ኋላም ነገሩ በይርጋ ተዘጋ። ዋንጫዎቹ ካቢኔው ውስጥ ናቸው። ስፔን ውስጥ በ2006 ፖሊስ የዶክተር ፉዌንቴስን ክሊኒክ ሲበረብር ከ200 በላይ የደም ከረጢት አገኘ። ኡልሪክና ባሶ ከቱር ደ ፍራንስ ተባረሩ። ፉዌንቴስ ፍርድ ቤት ቆሞ ደንበኞቼ ብስክሌተኞች ብቻ አይደሉም፣ ኳስ ተጫዋቾችም ነበሩ አለ። ዳኛዋ ስማቸውን አልጠየቁትም። ከረጢቶቹ እንዲወገዱ በ2013 አዘዙ፤ ይግባኝ ሰሚው በ2016 ይህንን ሽሮ ለመርማሪዎች ይሰጡ ሲል አሥር ዓመቱ አልፎ ነበር። ስሞቹ የት እንደገቡ ስፔን ትወቀው።

ሌላም መከራከሪያ አለ፤ ኳሱ በምርመራ ብዛት ከማንም አያንስም ይባላል። ይህም በቁጥር እውነት ነው። ግን በዓለም ላይ ያለውን የተጫዋች ብዛት አስቡት። ከጨዋታ በኋላ በዕጣ ሁለት ሁለት ሰው ጠርቶ ሽንት መውሰድ አንድ ነገር ነው፣ ሐሙስ ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ ሳይጠሩ በር አንኳኩቶ ደም መውሰድ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን የለመደው ሯጩ ነው።

አሁን ወደ ደጃችን። መጋቢት 2016 የዓለም አትሌቲክስ መሪ ሰባስቲያን ኮ ኢትዮጵያን ከሞሮኮ፣ ከኬንያ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር ቆጥሮ የምርመራ ሥርዓታችሁን ባስቸኳይ አስተካክሉ አለ። ደነገጥን። ብሔራዊ የፀረ ዶፒንግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፣ አትሌቶች በገፍ ተመረመሩ። ውጤቱም እየታየ ነው፤ መራርም ቢሆን። ጸሐይ ገመቹ በደም መዝገቧ ምክንያት አራት ዓመት፣ የመሰናክል ሯጯ ዘርፌ ወንድማገኝ በኢፒኦና በቴስቶስትሮን አምስት ዓመት ተቀጥተዋል። የኬንያ ሯጭ ሲታገድ በየሬዲዮው የምንሰማው ፉከራ የነዚህ ሲሆን ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ለዝውውር ወሬ ይለቀቃል። የኛ ሲሆን ዝም፣ የጎረቤት ሲሆን ከበሮ፣ የኳሱ ሲሆን እንባ! ይሄ ዘገባ ነው እንዴ?

ስለ ሀገራችን እግር ኳስስ ማን ይጠይቅ? ኮልፌ ውስጥ በየሰፈሩ ሜዳ ጠዋት ጠዋት አቧራ የሚያቦኩት ልጆች ነገ ለክለብ ሙከራ የሚሄዱ ናቸው። ከሜዳው ማዶ ጂም አለ። ጂሙ ውስጥ በትልቅ ጣሳ የሚሸጥ ዱቄት አለ፤ ማን እንደሠራው፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያነብ የለም። ፋርማሲው ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሰጠው የጉንፋን ኪኒን አለ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፕሱዶኤፌድሪን ከመጠን ካለፈ በጨዋታ ቀን የተከለከለ ነው።

ጫቱን ደግሞ ለምን እንሸፋፍነዋለን? ተጫዋችና በርጫ የሚለው ወሬ በዚህ ከተማ ከኳሱ እኩል ያረጀ ነው። እስካሁን የምንወቅሰው በዲሲፕሊን በኩል ብቻ ነው፤ ቃመ፣ አመሸ፣ ልምምድ ቀረ እያልን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ግን በዋዳ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጽፏል። በጨዋታ ቀን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ዶፒንግ ነው። ካቲኖን የተባለውም ዝርዝሩ ላይ አለ። ዓርብ ማታ ቅሞ ቅዳሜ የሚሰለፍ ልጅ ምናልባት «ልማድ ነው» ብሎ ያስብ ይሆናል። ላቦራቶሪው ግን ልማድ አያውቅም። በሀገራችን የወንጀል ሕግም ዶፒንግ የሚያስከስስ ጉዳይ መሆኑን ስንቱ አሠልጣኝ ለልጆቹ ነግሯቸዋል?

ስለዚህ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑንና የፕሪሚየር ሊጉን አክሲዮን ማኅበር የምንጠይቀው ግልጽ ነገር ነው። በአንድ የውድድር ዘመን ስንት ተጫዋች ይመረመራል? ከየትኞቹ ክለቦች? ከጨዋታ በኋላ ብቻ ነው ወይስ በልምምድ ሜዳም? ሽንት ብቻ ነው ወይስ ደምም? ካቲን ይፈለጋል አይፈለግም? ክለቦችስ ለተጫዋቾቻቸው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በየሚገባቸው ቋንቋ የተከለከለውን ዝርዝር አስተምረዋል? ጥያቄው ማንንም ለማሳጣት አይደለም። አንድ የኛ ክለብ በአፍሪካ መድረክ ላይ ተጫዋቹ ተገኝቶበት በካፍ ደብዳቤ ከምንሰማ አሁን ብንሰማ ይሻላል።

የአትሌቲክሱ የምርመራ ተቋም የታገዱ ሯጮችን ስም፣ የወሰዱትን መድኃኒትና የቅጣታቸውን ዘመን ማንም ሊያየው በሚችል መልኩ በይፋ ያወጣል። የኢትዮጵያ ሯጮች ስምም ሳይሸፈን ተጽፎ እዚያ ይገኛል። የሀገራችንን ኳስ እንዲህ ያለ ዝርዝር የያዘ ቢሮ ካለ ይላክልን፤ ቁጥሩ ዜሮም ቢሆን እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።